አቡነ ማስያስ፦ የነፍስ እረኛና የፈንጣጣ ሐኪም



በዲላና በጌዴኦ ቁምስናዎቻችን ለቅዳሴ ከሚሰበሰቡት አረጋውያን መካከል ፊታቸው በጥቃቅን ጠባሳ የተበሳሳ አባቶችና እናቶች አልፎ አልፎ ይገኛሉ። የትምህርተ ክርስቶስ ልጆቻችን ግን ያ ጠባሳ የምን ምልክት እንደሆነ አያውቁም። ፈንጣጣ የሚባለው ክፉ በሽታ ከምድር ገጽ ከጠፋ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታልና ባለማወቃቸው አንወቅሳቸውም። እንዲያውም ይህ አለማወቃቸው የብዙ ሰዎች ድካም ፍሬ ነው። በዚህ እትም ከእነዚያ ደካሞች የአንዱን፣ ማለት የካርዲናል ጉልየልሞ ማሳያን የሕይወት ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። የሀገራችን ሰዎች አቡነ ማስያስ እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ወንጌልን እንዳስተማሩ ሐዋርያ ነው፤ እኛ ግን ዛሬ በተለይ የሕዝብን ጤና ለመጠበቅ የደከሙትን ድካም እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ጥሪ

ጉልየልሞ ማሳያ በሰሜን ኢጣሊያ በፒየሞንቴ ምድር፣ በአስቲ ከተማ አካባቢ በምትገኘው በፒዮቫ መንደር ጁን 8 ቀን 1809 ተወለዱ። ወላጆቻቸው ገበሬዎች ነበሩ። የጥምቀት ስማቸውም ሎሬንዞ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ከዚያች መንደር ብዙም በማይርቅ ስፍራ ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ ተወለደ። የእርሱ መንፈሳውያን ልጆች የሆኑት ሳሌዥያውያን በዲላ ከተማችን ወጣቶችን ስለሚያስተምሩ፣ ያ የኢጣሊያ ገጠር ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም።

ሎሬንዞ በ1826 በካፑቺን ማኅበር ገብተው ጉልየልሞ ተባሉ፤ በ1832ም ማዕረገ ክህነት ተቀበሉ። ከ1834 እስከ 1836 በቶሪኖ ከተማ ማውሪዚያኖ በሚባለው ሆስፒታል የሕሙማን ካህን ሆነው አገለገሉ። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ከተማ ቅዱስ ዮሴፍ ኮቶሌንጎ ማንም የማይቀበላቸውን ድሆችና በሽተኞች የሚያስጠጋበትን ቤት ያደራጅ ነበር። ወጣቱ ካፑቺን ለሕሙማን ምሥጢራትን እያደሉ፣ ከሐኪሞቹም ጋር እየዋሉ፣ ቁስል ማከምንና መድኃኒት መስጠትን ተማሩ። ያን ጊዜ ይህ እውቀት ወዴት እንደሚያደርሳቸው እሳቸውም ሆኑ አለቆቻቸው አያውቁም ነበር።

በ1846 ር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 16ኛ በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ለሚኖረው የኦሮሞ ሕዝብ አዲስ ሐዋርያዊ ቪካርያት አቋቋሙ። ጉልየልሞም ለዚሁ ተመርጠው ሜይ 24 ቀን በሮም ማዕረገ ጵጵስና ተቀበሉ። ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ ሰባት አልሞላም ነበር። በዚያው ዓመት ምፅዋ ደረሱ፤ በ1849 መጀመሪያም በዚያች ወደብ ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስን፣ ማለት አቡነ ያዕቆብን፣ ጵጵስና ሾሙ። ወደ ራሳቸው መንጋ የሚወስደው መንገድ ግን ተዘግቶባቸው ቆየ። በመጨረሻ የነጋዴ ልብስ ለብሰው፣ ስማቸውንም ለውጠው፣ በግብፅና በሱዳን በኩል የዓባይን ወንዝ ተከትለው ከረጅም ድካም በኋላ በ1852 ጉዱሩ ገቡ። ጵጵስና ከተቀበሉ ስድስት ዓመት አልፎ ነበር።

ከእሳቸው በፊት የነበረው

አቡነ ማስያስ የገቡበት ሀገር ወረርሽኝን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሀገር ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ መንግሥት በደብረ ብርሃን ቸነፈር ገብቶ ብዙ ሕዝብ እንደጨረሰ ዜና መዋዕላቸው ይተርካል። ንጉሡም ከዚያ መቅሠፍት ለመዳን ተስፋ አድርገው በቅዱስ ቂርቆስ ስም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በአውሮፓም በመካከለኛው ዘመን ሁኔታው ከዚህ የተሻለ አልነበረም። የራጉሳ ከተማ በ1377 ከታመመ ስፍራ የሚመጣ መንገደኛ ሠላሳ ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ደነገገች። ቬኒስም በ1423 ለቸነፈር በሽተኞች በደሴት ላይ የተለየ ማረፊያ አዘጋጀች። በ1576 ሚላኖ በቸነፈር በተመታች ጊዜ ቅዱስ ቻርልስ ቦሮሜዎ ከተማውን ጥሎ አልሸሸም፤ በሽተኞቹን እየጎበኘ፣ ለተራቡትም ምግብ እያቀረበ ከሕዝቡ ጋር ቆየ። በእነዚያ ዘመናት ሰው የነበረው ጋሻ ሦስት ነበር፤ ጸሎት፣ ሽሽት፣ ለይቶ ማቆየት።

ስለ ፈንጣጣ ግን የሀገራችን አዋቂዎች አንድ ሌላ ጥበብ ነበራቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኢትዮጵያን ያዩ የአውሮፓ መንገደኞች እንደጻፉት፣ በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል በሽታው ቀለል ብሎ ከያዘው ሰው ቁስል መግል ወስደው የጤነኛውን ክንድ በምላጭ እየበጡ ያስገቡበት ነበር። ሰውየው ጥቂት ታሞ ከተነሣ ዳግመኛ በፈንጣጣ አይያዝም። ይህን ጥበብ ማንም ሊንቀው አይገባም፤ ከብዙ መቶ ዓመታት ማስተዋል የተገኘ ነውና። ጉዳቱ ግን ከባድ ነበር። የሚሰጠው እውነተኛው ፈንጣጣ ስለሆነ አንዳንዱ በዚያው ይሞታል፤ የዳነውም እስኪሽር ድረስ በሽታውን ለጎረቤቱ ሊያስተላልፍ ይችላል።

በ1796 እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር ሌላ መንገድ አገኘ። ላሞችን የሚያልቡ ሰዎች ከላሟ ጡት የሚይዛቸው ቀላል ቁስል ከፈንጣጣ እንደሚጠብቃቸው ሰምቶ፣ ከዚያ ቁስል የተወሰደውን ፈሳሽ በአንድ ልጅ ክንድ ላይ ፈተነው። የላም ፈንጣጣ ሰውን አይገድልም፤ ከሰው ወደ ሰውም እንደ እውነተኛው ፈንጣጣ በትንፋሽ አይዛመትም። ሆኖም ሰውነትን አስተምሮ ከገዳዩ ፈንጣጣ ይጠብቃል። አቡነ ማስያስ ወደ ጉዱሩ የመጡት ይህ ጥበብ በአውሮፓ ከተስፋፋ በኋላ ነው።

ከክንድ ወደ ክንድ

በጉዱሩ የመጀመሪያውን ጣቢያቸውን በታወቀው የአሰንዳቦ ገበያ አጠገብ መሠረቱ። ገበያ የሰው መገናኛ ነው፤ የሸቀጥና የወሬ መለዋወጫ እንደሆነ ሁሉ የበሽታም መተላለፊያ ነው። ፈንጣጣ በተነሣ ጊዜ አቡነ ማስያስ ሕዝቡን መከተብ ጀመሩ። ከጉዱሩ ወደ ላጋማራ፣ በ1859ም ወደ ከፋ በሄዱበት ሁሉ ክትባቱ ከወንጌሉ ጋር አብሮ ተጓዘ። ሕዝቡም የፈንጣጣ ጌታ የሚል ስም አወጣላቸው። ስብከታቸውን ያልተቀበለ ሰው እንኳ ሕፃኑን ይዞ ወደ ደጃቸው ይመጣ ነበር።

እዚህ ላይ ሥራው እንዴት ይከናወን እንደነበር ማወቅ ይጠቅመናል፤ የታሪኩ ፍሬ ነገር ያለው በዚህ ላይ ነውና። በዚያ ዘመን ማቀዝቀዣ የለም። ከአውሮፓ የመጣ የክትባት ፈሳሽ በመንገዱ ርዝመትና በፀሐዩ ብርታት በቀላሉ ይበላሻል። ስለዚህ ክትባቱን ሕያው አድርጎ ለማቆየት የሚቻለው ከሰው ክንድ ወደ ሰው ክንድ በማሳለፍ ብቻ ነበር። ዛሬ የተከተበው ልጅ በስምንተኛው ቀን ገደማ ክንዱ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ይወጣለታል። ያን ጊዜ ወደ ከታቢው ተመልሶ መምጣት አለበት። ከዚያ እብጠት የሚወሰደው ፈሳሽ ለሌሎች ይሰጣል፤ እነርሱም በተራቸው በስምንተኛው ቀን ተመልሰው ለሌሎች ይሰጣሉ።

ውድ ምእመናን፣ ይህን ልብ እንበል። የተከተበው ሰው የራሱን ጥቅም በመጀመሪያው ቀን አግኝቷል። በስምንተኛው ቀን የሚመለሰው ስለ ሌላው ሲል ነው። የሚመለስ ሰው ካልተገኘ ክትባቱ በዚያች መንደር ይቋረጣል፤ በሚቀጥለው ወረርሽኝም ሰው እንደ ቀድሞው ያልቃል። ስለዚህ ሥራው በአንድ ሐኪም ችሎታ ብቻ የሚቆም አልነበረም። እናት ልጇን ለባዕድ ሰው ምላጭ ስትሰጥ ልትተማመንበት ይገባል፤ ከሳምንት በኋላም የልጇን ክንድ ለማታውቀው የሌላ ሴት ልጅ ልትዘረጋ ይገባል። እንዲህ ያለ መተማመን በአዋጅ አይገኝም። አቡነ ማስያስ ያገኙት ከሕዝቡ ጋር በመኖር፣ ቋንቋውን በመማር፣ በሽተኛውንም በየቤቱ በመጎብኘት ነው። ስለ አማርኛና ስለ ኦሮምኛ ቋንቋ ያዘጋጁት የሰዋስው መጽሐፍ በ1867 በፓሪስ ታትሟል።

በዚህ ሁሉ ግን እሳቸውን ያለ ጉድለት አድርገን ልናቀርብ አንፈልግም። ከክንድ ወደ ክንድ የሚደረገው ክትባት አንዳንድ ጊዜ ሳይዝ ይቀራል፤ ሌላ በሽታም አብሮ ሊያስተላልፍ እንደሚችል የኋላ ዘመን ሐኪሞች አረጋግጠዋል። አቡነ ማስያስም የዘመናቸው ሰው ነበሩ። የሀገሩን ልማድና የኦርቶዶክስ ካህናትን በተመለከተ የጻፉት አንዳንዱ ቃል ዛሬ በፍቅርና በመከባበር ለምንኖር ለእኛ ሻካራ ነው። ካረፉም ከሃምሳ ዓመት በኋላ በ1939፣ ሀገራችን በፋሺስት ወረራ ሥር ሳለች፣ ስለ እሳቸው በኢጣሊያ የተሠራው ፊልም ለወራሪው ክብር ማድመቂያ ሆነ። ይህ ግን የሕያዋን ሥራ እንጂ የሟቹ አይደለም።

ስደትና ዕረፍት

የአቡነ ማስያስ ሕይወት በስደት የተሞላ ነበር። በ1861 ከከፋ ተባረሩ። በ1863 ወደ አውሮፓ ለመመለስ ሲጓዙ በዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ተይዘው ታሠሩ፤ በኋላም ተለቀቁ። ዳግመኛ ተመልሰው በ1868 ሸዋ ገቡ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በልቼ ተቀብለው አማካሪያቸው አደረጓቸው፤ አዲስ አበባ ገና ባልተቆረቆረችበት ዘመንም በፊንፊኔ ጣቢያ መሠረቱ። ከዐሥር ዓመት በላይ በሸዋ ከቆዩ በኋላ፣ በ1879 በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ከሀገር እንዲወጡ ተደረገ። ዕድሜያቸው ሰባ ነበር። መንበራቸውንም ለረጅም ጊዜ ረዳታቸው ለነበሩት ለአቡነ ቶሪን ካኻኝ ተዉ።

በ1884 ር.ሊ.ጳ. ልዮን 13ኛ የካርዲናልነት ማዕረግ ሰጧቸው። በኢትዮጵያ ያሳለፉትን ሠላሳ አምስት የሐዋርያነት ዓመታት የሚተርከው መጽሐፋቸው ከ1885 ጀምሮ በዐሥራ ሁለት ቅጽ ታተመ። ስለ ዘመኑ ሕዝብ ኑሮ፣ ስለ በሽታውና ስለ መድኃኒቱ ታሪክ ለሚያጠኑ ሁሉ እስከ ዛሬ ምስክር ነው። ኦገስት 6 ቀን 1889 በናፖሊ አጠገብ በሳን ጆርጆ ኣ ክሬማኖ ዐረፉ፤ ሥጋቸውም በፍራስካቲ በካፑቺኖች ቤተ ክርስቲያን ዐርፏል። በ2016 ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ የምግባራቸውን ጀግንነት የሚመሰክረው ውሳኔ እንዲታወጅ ፈቅደዋል፤ በቅድስና መንገድ ላይ ከብፅዕና በፊት ያለው ደረጃ ይህ ነው።

እሳቸው ባረፉበት ዓመት ሀገራችን አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለው በሰየሙት መከራ ውስጥ ነበረች። በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀ፤ እርሻው ቆመ፤ ረሃብ ተከተለ፤ በረሃብ በደከመውም ሰው ላይ ፈንጣጣና ሌላው ወረርሽኝ ተነሣበት። የአንድ ሰው ድካም፣ ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ሀገርን ሙሉ ሊጋርድ እንደማይችል ይህ ዘመን አሳየ። ሥራው ሥርዓት፣ ተቋም፣ የሠለጠነም የሀገር ልጅ ያስፈልገው ነበር።

የተዘራው ዘር

ያ ሥርዓት ቀስ እያለ መጣ። የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1948 ተቋቋመ። በ1954 በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድነት እያሠለጠነ ወደ ገጠር ላከ። ፈንጣጣን ከሀገር ለማጥፋት ዘመቻው የተጀመረው በ1971 ነው። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ የሚበልጡ በሽተኞች በኢትዮጵያ ተመዘገቡ። ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ ተራራውንና በረሃውን አቋረጡ። በሽተኛ ያለበትን ቤት ፈልገው ያገኛሉ፤ በዙሪያው ያለውን ሰው ሁሉ ይከትባሉ፤ በሽታው የሚሄድበት ያጣል። በአንዳንድ ስፍራ በተለይም በጎጃም፣ ሰው የጥንቱን የመግል ክትባት መርጦ አዲሱን እምቢ ብሎ ነበር። እዚያም የረታው ትዕግሥትና የሀገር ሽማግሌ ምክር ነው።

በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ በኦገስት 1976 በኦጋዴን ተገኘ። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻው ሰውም በኦክቶበር 1977 በሶማሊያ በመርካ ከተማ ታየ። በሜይ 1980 የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ፈጽሞ መጥፋቱን ዐወጀ። ከአሰንዳቦ ገበያ እስከዚያ ቀን ድረስ መቶ ሃያ ስምንት ዓመት ሆኖ ነበር።

ለእኛ የተተወ ሥራ

አቡነ ማስያስ እግራቸው ጌዴኦን አልረገጠም። ሆኖም ያ ሰፊ ሐዋርያዊ ቪካርያት በኋለኞቹ ዘመናት ተከፋፍሎ በደቡብ ኢትዮጵያ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ቆሙ። ዲላን የሚያጠቃልለው የሐዋሳ ሐዋርያዊ ቪካርያትም በ1979 በዚህ ማዕረግ ተመሠረተ። እንግዲህ ታሪካቸው የእኛም ርስት ነው፤ ርስት ደግሞ ሥራ ያስከትላል።

በከተማችን በ1996 የመምህራንና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተከፍቶ ኋላ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከ2003 ወዲህም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደየቀበሌው ወጥተዋል። በ2018 በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተፈናቅለው በትምህርት ቤቶችና በአብያተ ክርስቲያናት በተጠለሉ ጊዜ፣ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ከእንጀራ እኩል ምጽዋት መሆኑን ሁላችንም በዐይናችን አይተናል።

እኛ ካህናት ግን የምንናዘዘው ነገር አለን። በኩፍኝ የሞተ ሕፃን የቀበርንበት ቀን አለ። እናቲቱ የክትባት ካርዱን ከልብሱ ጋር አጥፋ ይዛ ነበር፤ ካርዱ እስከ ግማሽ ድረስ ተሞልቶ ከዚያ በኋላ ባዶ ነበር። ልጁን ያጠመቅነው እኛው ነን። በዚያን ዕለት የክርስትና ስሙንና የክርስትና አባቱን ጠየቅን፤ ካርዱን አልጠየቅንም። እናቲቱ ሰነፍ አልነበረችም፤ መንገዱ ሩቅ፣ የቡና ለቀማውም ጊዜ ነበርና ተመልሳ መሄድ እንዳለባት የሚያስታውሳት አንድ ሰው ብቻ ያስፈልጋት ነበር።

ዛሬ ሕፃን በተወለደ በስድስተኛው፣ በዐሥረኛውና በዐሥራ አራተኛው ሳምንት፣ እንዲሁም በዘጠነኛውና በዐሥራ አምስተኛው ወር መከተብ አለበት። የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በእነዚህ በኋለኞቹ ሁለት ጊዜያት ነው፤ መጀመሪያ ላይ ሄዶ ኋላ የቀረ ልጅ ከኩፍኝ አልተጠበቀም። ብዙ ወላጆች ይጀምራሉ፤ ሁሉም ግን አይፈጽሙም። አቡነ ማስያስ በስምንተኛው ቀን ይጠብቁት የነበረውን ክንድ እኛም አሁን እንጠብቀዋለን ማለት ነው። ዛሬ ክትባቱ ከሰው ክንድ አይወሰድም፤ ነገር ግን ያልተከተበው ልጅ በሽታውን ለጎረቤቱ ስለሚያደርስ፣ ተመልሶ የሚመጣው አሁንም ስለ ሌላው ጭምር ነው።

ስለዚህ ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ከዚህ ሩብ ዓመት ጀምሮ ለጥምቀት ዝግጅት የሚመጡትን ወላጆች ስናስተምር የልጁን የክትባት ካርድ ይዘው እንዲመጡ እንጠይቃቸው። ያልተሞላው ቦታ የትኛው እንደሆነ እናሳያቸው፤ ማንበብ ለማይችሉት ቀኑን በቃል እንንገራቸው። በሶንጎ የሚሰበሰቡ የጌዴኦ ሽማግሌዎችም ይህን ቃል እንዲያስተላልፉልን እንለምናቸው፤ የእነርሱ ድምፅ ከእኛ ስብከት ርቆ ይሰማልና። ካርዱን ለጨረሰ ሕፃን ደግሞ በመንበረ ታቦቱ ፊት ምስጋና እናቅርብ፤ ስለ እርሱ ብቻ ሳይሆን በእርሱ ምክንያት ሳይታመም ስለቀረው ጎረቤቱም ጭምር።